ቁልፍ ያዥዋ

ባንክ ቤት እሠራ ነበር ስል የማያውቀኝ ሰው ይስቃል። «ምን ሆነሽ? ሥራ አስኪያጅ?» ይለኛል። እኔ የያዝሁት መወልወያና የሻይ ትሪ ነበር። ጦርነቱ አልፎ ቆቦ ላይ ያለው ባንክ እንደገና ሲከፈት ተቀጠርሁ፤ መጀመሪያ የጠረግሁት የተሰባበረ መስታወት ነው። ከዚያ ወዲህ የጠረግሁት አፈር ነው። የገበያ ቀን ከዋጃ የመጣው፣ ከሮቢት የመጣው፣ ከአፋር በኩል ግመል ሸጦ የተመለሰው፣ ሁሉም የቆላውን አፈር ይዞ ይገባል። አንዳንድ ሽማግሌ ግን የሚያብረቀርቀውን ወለል ሲያይ ጫማውን በር ላይ ያወልቅ ነበር።

«ኧረ ይልበሱት አባባ፣ መስጊድ አይደለም» ስላቸው፣ «ተይኝ፣ የሰው ቤት ነው» ይሉኛል።

የማን ቤት እንደሆነ እኔም አልገባኝም። ትልቅ ባንክ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አንገት እስኪያምም ቀና ተብሎ የሚታይ ፎቅ አለው ይላሉ። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ያናግራል። ለማያየው ሰው ተነሥቶ መቆሙ ያሳዝነኝ ነበር። የባንኩ ልጆች ሁሉ ያሳዝኑኝ ነበር። ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከየትም ተመድበው የመጡ ናቸው፤ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ምሳቸው የቀዘቀዘ። ኔትወርክ በሌለ ቀን ሕዝቡ ይጮኽባቸዋል፤ እነሱ ግን የሚጮኹበት ሰው የላቸውም።

ያ ቤት አንድ ደንብ ነበረው። ካዝናው በአንድ ሰው አይከፈትም። ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሁለት ሰው ይይዘዋል። የያዘ ሰው ደግሞ ሲከፋው ለጓደኛው ሰጥቶ መሄድ አይችልም፤ ከወልድያ ተተኪ መጥቶ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ታይቶ፣ ተፈራርመው ነው የሚለቀቀው። አንዱ ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነበር። ሁለተኛውን የያዘችው የመርሳ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ሒጃቧን አሥር ጊዜ የምታስተካክል ልጅ። እናቷ መርሳ ታማ ከርማለች። ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ መኪና ይዛ ትሄዳለች፣ ሰኞ በጠዋት ትመለሳለች።

«እማ፣ እናቴ ገላዋን ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካት አትፈቅድም እኮ» ትለኝ ነበር። «የወንድሜ ሚስት አጠገቧ አለች። እሷ ግን እኔን እየጠበቀች ሳምንቱን ሙሉ ትቀመጣለች።»

«አብሽሪ» እላታለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ካዝናው ተከፍቶ ሕዝቡ ሊገባ ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። የጎንደር ልጅ ነው፣ ገና ጎረምሳ።

«እማማ፣ በሩን ይዝጉት» አለኝ። ዘጋሁት። «የልጅቱ ወንድም ደውሎ ነበር። እናቷ ሲነጋጋ ዐርፋለች።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

«እንዳትነግሯት ብሏል። ‹ጠንቶባታል ብላችሁ፣ ሰው አስከትላችሁ ላኩልኝ› ነው ያለው።»

ልክ ነው ወንድሟ። መርዶ በእኛ አገር በሥራ ቦታ፣ በባዕድ አፍ አይነገርም። ሰው ቤቱ ደርሶ፣ ዘመድ ግራ ቀኝ ደግፎት ነው የሚሰማው። እናቴም ስትሞት ለእኔ እንደዚያው ነው የተደረገው፤ ጎብዬ ገበያ ውዬ፣ ሰው አጅቦ እየሳቀ ቤቴ አደረሰኝ። ያን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ።

«ታዲያ አሁኑኑ ትሂዳ» አልሁት። «ጀናዛው ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙሁር፣ ሳያልፍ ይቀበራል። አሁን ከተነሣች ደርሳ ታጥባታለች። እናትን ማጠብ የሴት ልጅ ሐቅ ነው።»

«ቁልፉስ?» አለኝ። ወልድያ ላሉት አለቆቹ ደውሎ ነበር፤ ተተኪው መንገድ ላይ ነው፣ እሱ ሳይደርስ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ተብሏል። «እሺ፣ ጠንቶባታል ብላት ትደነግጣለች፤ ሄደሽ እያት ግን ልላት አልችልም። ምን ላድርግ? እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም እማማ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ማወቄ ለማንም አልጠቀመም። ሻይ አፈላሁ፣ ትሪውን ይዤ ዞርሁ።

በር ላይ የቆመው ጥበቃ የራያ ሰው ነው። የገበያተኛውን ዱላና ጠመንጃ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ፣ ሰው መልከፍ የማይሰለቸው። ልጅቱን በየጠዋቱ «አንቺ የመርሳ ማንጎ፣ ዛሬም አልበሰልሽም?» ይላታል፣ እሷም «አንተ ግን በስለህ ወድቀሃል» ትለዋለች። የዚያን ቀን እሱም ሰምቷል። ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ ብድግ ብሎ፣ «እንደምን አደርሽ እህቴ» አላት። ቆም ብላ አየችውና አለፈች።

ከዚያ መስኮቷ ላይ ተቀምጣ ሠራች። አንድ ገበሬ መታወቂያውን ሰጣት፤ ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች፣ መልሳ ፎቶውን አየች።

«እኔው ነኝ ልጄ፣ አትጠራጠሪ» አላት። «ፎቶው ዝናብ በነበረ ጊዜ የተነሣሁት ነው።»

ሳቀች። ሰልፉም አብሮ ሳቀ። እኔ ትሪውን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ ያን ሳቅ መስማት አቃተኝ።

ሥራ አስኪያጁ ደጋግሞ እየወጣ አስፋልቱን ያያል። ኋላ ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ፣ «ጎብዬ ላይ ፍተሻ ነው፣ መኪናው ሁሉ ቆሟል» አለኝ። ላብ በላብ ሆኗል። ሙቀቱም ሙቀት ነበር፤ ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ የጋለ፣ ማሽላው ከነእግሩ የሚደርቅበት ጊዜ።

አዛን ተባለ። የዙሁር ነው። ልጅቱ እንደ ልማዷ መስኮቷን ዘግታ ውዱእ ልታደርግ ወደ ጓዳ መጣች። ጆጉን አንሥቼ አፈሰስሁላት። እጇን ታጠበች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ከዚያ ቀና ሳትል፣

«መቼ ነው የሞተችው፣ እማ?» አለችኝ።

ውሃው ከእጄ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ጥበቃው እህቴ አለኝ። አለቃዬ ፊቴን አላይ አለ። አንቺ ሻዬን በስኳር ሞላሽው።»

«ከጠዋት ጀምሮ እያወቅሽ? ምነው ታዲያ ብድግ ብለሽ ብትሄጂ?»

«የት ልሂድ? ቢነገረኝ እኮ እጮህ ነበር፣ ቁልፉን ወርውሬም እሄድ ነበር። ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ይወጣል? ነጋሪ ስጠብቅ ነው የዋልሁት።»

ጆጉን እንደገና ሞልቼ አፈሰስሁላት። እሷ ውዱኡን ጨረሰች፣ ስግደቷን ሰገደች፤ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። መርሳም በዚያ ሰዓት በእናቷ ጀናዛ ላይ እየተሰገደ ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ተነሥታ ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

ተተኪው ሲደርስ ፀሐይ አዘንብላለች። ላቡን እየጠረገ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሱስ ምን አጠፋ? ተረካከቡ፣ ተፈራረሙ። ሥራ አስኪያጁ በራሱ ኪስ መኪና ተኮናትሮ አጃቢ አድርጎ እኔን ላከኝ። ልጅቱ ልትወጣ ስትል «እናትሽ ትንሽ ጠንቶባት...» ብሎ ጀመረ፣ ሊጨርሰው አልቻለም። «እሺ ጋሼ» አለችው፣ እንዳመነ ሰው። መንገዱን ሁሉ አላለቀሰችም። ወልድያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ብቻ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በዚያ ሙቀት ይቀዘቅዝ ነበር።

መርሳ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ተቀምጠዋል። ወንድሟ ተነሥቶ ሊይዛት ሲመጣ በእጇ መለስ አደረገችውና ሴቶቹ ወዳሉበት ገባች። የወንድሟን ሚስት ፈልጋ ፊቷ ተንበረከከች።

«አንቺ ነሽ ያጠብሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?»

«ለብ አድርጌዋለሁ እህቴ። ወላሂ፣ በክርኔ እየለካሁ።»

«ፀጉሯንስ? ሲጎተት ያማት ነበር።»

«በጣቴ ነው የፈታሁት። አልጎተትሁም።»

የሚስቲቱ እጅ ገና ካፉር፣ ያ የሬሳ ሽቶ፣ ይሸታል። ልጅቱ ሁለቱንም እጆቿን ይዛ ፊቷ ላይ አደረገቻቸው። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ሶብር አድርጊ፣ ቻይው» ልትል ስትነሣ ሌሎቹ ነጠላዋን ይዘው አስቀመጧት። ያኔ ነው ልጅቱ የጮኸችው።