ደረቁ አንሶላ

ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለች። በሽተኛውን ሳታየው በሽታውን ታውቀዋለች፤ ላቡን፣ ደሙን፣ ሽንቱን አንሶላው ይነግራታል። ከአንድ አልጋ ለተከታታይ ቀናት ደረቅ አንሶላ ሲመጣላት፣ «ይኼስ ተረፈ!» ብላ ለባልደረቦቿ ታበስራለች። መልኩን ላላየችው ሰው እንዲህ መደሰት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ጡረታ ወጥታ ባሏም ሲሞት፣ ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና ጌታው ሆኑ። ጌታው ወንድ ድመት ነው። ባልየው በካፖርቱ ኪስ ይዞት የገባ ቀን፣ «አንተ አልበቃ ብለኸኝ ነው?» ብላ ተቆጥታ ነበር። አሁን አልጋው ላይ በባልየው በኩል የሚተኛው እሱ ነው።

አንድ ሰሞን ጌታው አንሶላው ላይ ጠብ ጠብ ያደርግ ጀመር፤ ደም የነካካው ሽንት። «ብርድ መትቶት ነው» ብላ በሹራብ ጠቀለለችው። ሐሙስ ጠዋት አንሶላው ደረቅ ሆኖ አገኘችው፤ ዓርብም እንዲሁ። የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ እየተመላለሰ ቁጢጥ ሲል ብታየውም ከደስታዋ የተነሳ ልብ አላለችውም። «ተረፍክልኝ የኔ ጌታ!» አለችው።

ቅዳሜ ግን ምግብ እምቢ አለ፤ አስመለሰው። በካርቶን ይዛው ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጠች።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሆዱን ስትዳስስ እጇ ቀጥ አለ።

«እማማ፣ መቼ ነው የሸናው?»

«ኧረ ከሽንቱስ ድኗል! ሁለት ቀን ሙሉ ጠብ አላደረገም። ሆዱ ነው እንጂ ያስቸገረው።»

ሐኪሟ የአሮጊቷን እጅ ይዛ የድመቱ ሆድ ላይ አኖረችው። ብርቱካን የሚያህል ጠጣር ነገር።

«ይኼ የሽንት ፊኛው ነው። የወንድ ድመት መሽኛ ቀጭን ነው፤ ደቃቅ ጠጠር ዘግቶበታል። መሽናት አቅቶት ነው እንጂ አልዳነም።»



ሐኪሟ አደንዝዛ ክር የመሰለ ቱቦ አስገባችለት፤ ጥቁር ቀይ ሽንት ወረደ። ግሉኮስም ሰቀለችለት። ደሙ ግን ተመርዞ ነበር። ልቡ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ቆመ።

«ሐሙስ ባመጣው ኖሮስ?»

ሐኪሟ ጓንቷን አውልቃ ዓይኗን ሰበረች። «ያው ነበር እማማ። በሽታው ክፉ ነው።»

ይህን አነጋገር በሆስፒታሉ ኮሪደር ስንቴ ሰምታዋለች! ባሏ የሞተ ዕለት ዶክተሩ ለእሷም ይህንኑ ብሏታል፤ ያኔ አምናው ነበር። አሁን የልጅቷን ፊት ስታይ፣ የዚያኛውም ዶክተር እንዲሁ ዓይኑን መስበሩ ትዝ አላት።

«ተባረኪ ልጄ» አለች፣ ያመነች መስላ።