ጋሽ መልካሙና የኮከቧ ምልክት

ባለፈው ወር ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንኳን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ... ጋሽ መልካሙ ናቸው።

ጋሽ መልካሙ መተማ ዮሐንስ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው። ድሮ እንደኔው ሒሳብ ያስተምሩ ነበር ይባላል። የዛሬ ሦስት ዓመት ለሒሳብ ክፍላችን አንድ የክረምት ማስተርስ ዕድል መጥቶ ሁለታችንም አመለከትን። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሉኝና ራሳቸውን መርጠው ሄዱ።

«እታለም፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ ደርሷል። ርዕሱ አንቺ የምትወጅው ነው፤ ፉሪየር ትራንስፎርምና ኮንቮሉሽን። እስቲ ነይና ጠያይቂኝ» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቂሜን ረስቼ ደስ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንደሱ የምወደው ትምህርት አልነበረም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን ስለ ሰሊጥ ዋጋ ነው፣ ስለ ኬላው ነው፣ ስለ ሙቀቱ ነው... ስለ ፉሪየር የሚያወራኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም። እየበረርኩ ሄድኩ።

መንገድ ዳር ካለች ዳስ ሥር ተቀመጥን። ከፊታችን ወደ ኬላው የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል። ቀዝቃዛ ከርከዴ አዘዙልኝና ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። አንድ ገጽ አየሁ... ሁለት ገጽ አየሁ... ዋናው ቲዎረም ላይ ስደርስ ዓይኔ ቀጥ አለ።

ትምህርቱን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አመሻሽ ላይ ቤት ስትገቡ የሚጠብሳችሁ ሙቀት የዚያች ሰዓት ፀሐይ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ የዋለው ነው። የጠዋቱ ደክሞ፣ የቀትሩ ትንሽ ተርፎ፣ የቅርቡ ደግሞ ገና ትኩስ ሆኖ ሁሉም ይደመራል። ኮንቮሉሽን ማለት እንዲህ ያለ ድምር ነው፤ አንዱን ፈንክሽን በሌላው ላይ እያንሸራተቱ መደመር። ምልክቱ ትንሽ ኮከብ ናት። ስሌቱ ጣጣው ብዙ ነው። ውበቱ ግን እዚህ ላይ ነው... ፉሪየር ትራንስፎርም በሚባለው መቀየሪያ ስትቀይሩት ያ ሁሉ ጣጣ ተራ ማባዛት ይሆናል! እኔ ይሄን መጀመሪያ የተማርኩ ቀን ምሳ መብላት ረስቻለሁ።

የጋሽ መልካሙ ጽሑፍ ላይ ታዲያ ኮከቧ የለችም። በየቦታው × ተተክሎባታል።

«ጋሼ፣ ኮከቧ የት ሄደች?»

«የቷ ኮከብ? እ! እሷን እኮ አረምኳት። ያዘጋጁልኝ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ እንደሚጻፈው ማባዣውን ሁሉ በኮከብ አድርገውት ነበር። ማስተርስ ላይ ነውር ነው ብዬ ሁሉንም ባንዴ ቀየርኩት።»

«ያዘጋጁልኝ ሰዎች» የምትለዋን ልብ በሉልኝ።

«ጋሼ፣ እሷ ማባዣ አይደለችም፤ ኮንቮሉሽን እሷ ራሷ ናት! አሁን የጻፉት 'ብዜት ሲቀየር ብዜት ይሆናል' ነው የሚለው። ስሕተት ነው።»

«ብዜት ብዜት ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል... ማሽላ?» ብለው በሳቅ ፈረሱ። አጠገባችን የተቀመጡ ሾፌሮችም አብረው ሳቁ። በምን እንደሳቁ እግዜር ይወቀው።

አልተውኳቸውም። የግድግዳውን ነገር እንዳስረዳኋችሁ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁልኝ፣ በሐዘኔታ።

«ግድግዳ? እታለም፣ ይሄ እኮ ማስተርስ ነው!»

«ፈታኞቹ ይይዙዎታል፣ ጋሼ።»

«ኧረ ወግጅ! ይልቅ ከርከዴሽን ጠጭ።»

ጠጣሁ። ምን ላድርግ?

እስከ ዲፌንሱ ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እንዲወድቁ ፈልጌ ነበር? አዎ፣ ፈልጌያለሁ። ግን ከቂሜ ይልቅ የቆረቆረኝ ቲዎረሙ ነው። አንድ ሰው እንኳን «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃኝ ነበር።

ጋሽ መልካሙ አዲስ ሱፍ ለብሰው በመተማ ሙቀት እያላባቸው ተመለሱ። «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት አምጥተዋል።

«ስለ ቲዎረሙስ ምን ጠየቁዎት?» አልኩ።

«አንደኛው ኅዳጉ ጠበበ አለ። ሁለተኛው ማጠቃለያው ይርዘም አለ። ሦስተኛው ስልክ ላይ ነበር፤ ሲጨርስ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። አማካሪዬማ ገና ሲያየው ንጹሕ ሥራ ነው ብሏል።»

ንጹሕ... ከሒሳብ ነው የጸዳው።

ትምህርት ቤቱ ድግስ ደገሰላቸው፤ ጋቢ አለበሳቸው። ከዚያ ተነሥተው ጽሑፋቸው ላይ ያለውን የምስጋና ገጽ ጮክ ብለው አነበቡ። «ኮንቮሉሽንን በጥልቀት እንድረዳ ላገዘችኝ ባልደረባዬ...» ሲሉ የኔን ስም ጠሩ! አዳራሹ አጨበጨበልኝ። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ ያ ጉድ በተቀመጠበት መደርደሪያ ሁሉ ስሜ አብሮ ይኖራል።

ትናንት ደግሞ ዘንድሮም የክረምት ዕድል መጥቷል ሲባል ማመልከቻዬን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። አሁንስ ምን ሰበብ ያመጡ ይሆን እያልኩ ቆሜያለሁ። ሐቁን ልናገር፣ ዓይናቸውን ሳያሹ ፈረሙልኝ። ወረቀቱን ግን አልለቀቁትም... እኔ ስስብ እሳቸውም ያዝ አደረጉት።

«አንድ ነገር ልምከርሽ፣ እታለም።»

«ምን ጋሼ?»

«ኮንቮሉሽን ላይ እንዳትሠሪ። እሱን እኔ ጨርሼዋለሁ።»

ዓለም ስንት ዘመን የደከመበት ትምህርት መተማ ዮሐንስ ላይ አልቋል... እንኳን ደስ ያላችሁ።