ከውሃው ማዶ የዋለች ሰንበት

የልጅ ልጄ አበባ የተከለችበትን የሸክላ ዕቃ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ማሰሮ ይመስላቸዋል። ማሰሮ ግን አይደለም፤ ታች በኩልም ክፍት ነው። ውሃ ባጠጣችው ቁጥር ወለሉን እያራሰ ስላስቸገራት ከሥሩ ሳህን አድርጋለታለች። ይህ ዕቃ የአባቴ የወናፍ አፍ ነው፤ ከወናፉ የሚወጣው ነፋስ ወደ ከሰሉ የሚገባው በእሱ ነበር። በእጇ የሠራችው እናቴ ናት። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ዛሬም የከሰልና የጋለ ብረት ሽታ ይመጣብኛል። ልጅቱ "የአፈር ሽታ ነው እኮ እማማ" ትለኛለች። ትበል፤ የእሷ አፍንጫ የቀጥቃጭ ቤት አያውቅም።

ያደግሁት ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ፣ ታች ገበያ በሚባለው ሰፈር ነው። ጊዜው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ የጃንሆይ ዘመን ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ጎረቤቶቻችን ፈላሻ ይሉናል፤ ልጅ የታመመባቸው ቀን ደግሞ ቡዳ ይሉናል። ማረሻቸው ሲዶለዱም ግን "ባለ እጅ እንደምን አደርህ" እያሉ በትሕትና ይመጡ ነበር። ወንዶቻችን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቻችን ሸክላ ይሠራሉ። ርስት የለንም። የእኛ ነው የምንለው መሬት መስጊዳችን፣ ማለትም ጸሎት ቤታችን፣ ያረፈበትና ከጀርባው ያለው መቃብር ብቻ ነበር። እሱንም አንድ የጥንት ባላባት ለአያቶቻችን ስለ ሥራቸው የለቀቀላቸው ነው ይባላል።

ገበያው ከጸሎት ቤታችን ፊት ለፊት፣ ከዋርካው ሥር ይቆም ነበር። የገበያ ቀን በርበሬው ያስነጥሰናል፣ የበግ ለምዱ ይከረፋናል፤ እኛ ሴቶች ልጆች ከእናቶቻችን ጋን ጀርባ ተደብቀን ቅልሞሽ እንጫወታለን። ጣልያን ያስጠረገው የማኪና መንገድ ግን ከሰፈራችን ሥር ከሚወርደው ወንዝ ማዶ፣ በኮረብታው ላይ አለፈ። መጀመሪያ አንድ ሻይ ቤት ወደዚያ ወጣ። ቀጥሎ ጨው ነጋዴው፣ ቀጥሎ ቆዳ ገዢዎቹ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ሁሉም "እየመጣን እንጠይቃችኋለን" እያለ በሳቅ ተሰናብቶን ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶው "ላይ ገበያ" የሚባል ከተማ ተቆረቆረ፤ የእኛው ገበያ ላይ ፍየል ይግጥበት ጀመር።

የእኛም ሰዎች እንውጣ ማለት ጀመሩ። ሸማኔው አያ እንግዳ የሸማ ዕቃውን ፈትቶ ጠቅልሎ ነበር። ታዲያ ነገሩ ለእኛ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። በሰንበት እሳት አንነካም፣ ሩቅ መንገድ አንሄድም፣ ወንዝ አንሻገርም። ማዶ ቤት የሠራ ሰው ቅዳሜ ጸሎት ቤት መምጣት አይችልም ማለት ነው። ሌላ ጸሎት ቤት ማዶ እንዳይሠራ ደግሞ ለእኛ ቦታ የሚሰጥ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ሲነጋገሩ እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን ሰማን። ቄሳችን ቄስ ፈንቴ ብዙ አይናገሩም ነበር። "ገበያ እግር አለው፣ ይሄዳል" አሉ። "ጸሎት ቤት እግር የለውም። እናንተም ከሄዳችሁ እኔ ከሙታኑ ጋር እቀራለሁ፤ እነሱም ቢሆኑ ጉባኤ ናቸው።"

አባቴ ታረቀ በሁለት ልብ ተያዘ። ማዶ ላይ ሥራው ሞልቷል። ማኪና ይሰበራል፣ የበር ማጠፊያ ይፈለጋል፣ ገበሬውም ማረሻውን ይዞ ወደዚያ ነው የሚወጣው። ታች ደግሞ የቤታችን ጎተራ ባዶውን ነው። በመጨረሻ የመጣለት ዘዴ ወናፉ ይውጣ፣ ቤቱ ይቅር የሚል ነበር። አያ ካሴ የሚባል ቀልደኛ ክርስቲያን ወዳጅ ነበረው፤ እሱ ማዶ ካለው ግቢው ጥግ ቦታ ሰጠው። አባየ እሑድ ስንቁን፣ የእማየን ቆሎ፣ ይዞ ይወጣል፤ ዓርብ ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይወርድና ወንዙ ውስጥ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ወደ ሰንበት ይገባል። ቄስ ፈንቴ ይህን ሲሰሙ "ውሃው ይስማማልህ" ብቻ አሉት። እማየ አልወደደችውም። በጋውን ግን በደህና አለፍን፤ ጎተራውም ትንሽ ሞላ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ክረምት በገባ በአንድ ዓርብ አባየ ዘገየ። ኋላ እንደነገረን፣ አንድ ሾፌር የተጣመመ ብረት አምጥቶ "ልጆቼ መንገድ ላይ ናቸው" ብሎ ለምኖት ነው። እኛ ዘንድ አንዲት ጠብታ አልዘነበም፤ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ግን ደራሽ ሆኖ መጣ። ከወንዙ ዳር ሆነን አባየ ከኮረብታው እየሮጠ ሲወርድ አየነው። እሱ ከዳር ሲደርስ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እያገላበጠ ያገሳ ነበር። እግሩን ሊያስገባ ሲል እማየ ጮኸች። ያን ጩኸቷን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም። አባየ እግሩን መለሰ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አባየ ከማዶ ሆኖ ከውሃው ጠርዝ ታጠበ። ንጹሕ ልብሱ እኛ ጋ ነው ያለው፤ ስለዚህ ጥላሸት የጠጣውን ጋቢውን ገልብጦ ለበሰው። ያኔ ቄስ ፈንቴ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሕዝቡም ተከተላቸው። "ዛሬ እዚህ ነው የምንቀበላት" አሉ፤ ሰንበትን ማለታቸው ነው። በግዕዝ ጸሎቱን ጀመሩ። ውሃው ድምፃቸውን ዋጠው፤ አባየ አንዲት ቃል እንኳ አይሰማም። ግን ያየናል። እኛ ስንሰግድ እሱም ይሰግዳል፣ እኛ ስንቆም እሱም ይቆማል። እኔ ልጅ ነኝና ጸሎቱን ትቼ አባየን ብቻ ነበር የማየው።

በማግስቱ ጠዋት የሆነው ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። ደራሽ ውሃ እንደ አመጣጡ ነውና ሌሊቱን ሄዶ አልቆ፣ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ሆኖ አደረ። አባየ ከማዶው ሾላ ሥር ቁጭ ብሏል። ለመሻገር ዝቅ ብሎ ሱሪውን መሰብሰብ ብቻ ነበር የሚበቃው። አልተነሣም።

አያ ካሴ በጎቹን እየነዳ ወርዶ አገኘውና ሳቁ መጣ። "አያ ታረቀ፣ ምነው? ዶሮ እንኳ ይሻገረዋል እኮ!"

"ዶሮ ሰንበት የላትም" አለው አባየ።

"እሽ፣ እንግዲያው እኔ ቤት ግባ። ሸጋ ወጥ አለ።"

"የእናንተን እንደማልበላ እያወቅህ።"

"አውቃለሁ። ሳልጠይቅህ ብቀር ግን ምን ወዳጅ እባላለሁ?" ብሎ አያ ካሴ በጎቹን ለልጁ ሰጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ሳይነካው፣ ራቅ ብሎ። ሥርዓታችንን፣ ሌላ ወገን ከነካን መታጠብ እንዳለብን፣ ያውቅ ነበር።

እኔ ግን አልቻልሁም። "አባየ ና! ውሃው እኮ ጎደለ!" ብዬ ጮህሁ።

"ሰንበት አልጎደለችም፣ የሺ" አለኝ። ድምፁ አልተቆጣም። ያኔ ግን እኔ ተቆጣሁ፤ ከእኔ ይልቅ ሰንበትን የወደደ መስሎኝ አለቀስሁ። የሰንበቱን ዳቦ ይዤ ልሻገር ስል ቄስ ፈንቴ ትከሻዬን ያዝ አድርገው አስቀመጡኝ። ከዚያ ወደ ማዶ ተጣሩ፤ "ታረቀ! በሰንበት መጾም አይገባም፤ ካለህ ቅመስ!" አባየ ኪሱን ዳብሶ ከሳምንቱ ስንቅ የተረፈች ቆሎ አወጣ። እሱ ቆሎዋን ሲቆረጥም እኛም ዳቦውን ቆረስን። ሕዝቡ እንደ ሌላው ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄዶ መተኛት ሲችል ከወንዙ ዳር ዋለ። ሕፃናት አለቀሱ፣ ዝንብ አስቸገረን፣ አንዱ ሽማግሌ ተቀምጦ አንኮራፋ። እንዲህ ሆነን ዋልን።

ፀሐይ እንደጠለቀች አባየ ተሻገረ። አንዴ፣ ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ነው የደረሰው። እማየ መጀመሪያ ሰደበችው፣ ቀጥላ እራት ሰጠችው። ሲበላ ቆይቶ፣ "ከማዶ ሆኜ ቤቴን ስመለከት ዋልሁ" አላት።

"እና ምን አየህ?"

"ትንሽ ናት። ግን ሁላችሁም እዚያ ናችሁ።"

በሳምንቱ ወናፉን ተሸክሞ ወረደ። ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ከብዶት ስለነበር አያ ካሴ በአህያው አወረደለት፤ እየሳቀም ቢሆን አወረደለት። ይህን ያየ አያ እንግዳ የጠቀለለውን የሸማ ዕቃ መልሶ ተከለ። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ማንም ዳግመኛ እንውጣ አላለም። ሀብታም ሆንን ብዬ አልዋሽም። አንዳንድ ገበሬ ቁልቁለቱን ወርዶ ማረሻውን ያሠራ ነበር፤ ብዙው ግን አልመጣም። በየክረምቱ ጎመን እናበዛ ነበር። ሆኖም ዓርብ ማታ ሁሉም ሰው ከአንድ ዳር ነበር፣ አባየም ከእኛ ጋር ነበር። ለእኔ ያ ይበቃኝ ነበር።

አባየም ቄስ ፈንቴም ከዚያው መቃብር አረፉ። ብዙ ዘመን ቆይቶ የቀረው ሕዝብ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። አንዲት ጅረት በሰንበት አንሻገርም ያሉት ሰዎች ባሕር ተሻገሩ። እኔ ያኔ ባሌ ታሞብኝ ቀረሁና ጎንደር ከተማ ከልጄ ጋር እኖራለሁ።

አምና ሳር ሳይወርሰው መቃብሩን ልየው ብዬ ሄድሁ። ላይ ገበያ አሁን ፎቅ አለው። ወንዙም የሲሚንቶ ድልድይ ተሠርቶለታል። በባጃጅ ቁልቁል ስንወርድ ቀኑ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝ። ቀኑን እንኳ ረስቼ ነበር፤ ዕድሜ እንዲህ ያደርጋል። ማዶውን አየሁት፤ ዋርካው አለ፣ የጸሎት ቤታችን ግድግዳ በከፊል አለ፣ ቤታችን የለም። ባጃጁን የሚነዳውን ልጅ "እዚህ አውርደኝ" አልሁት።

"እማማ፣ ድልድይ እኮ አለ! ላሻግርዎት" አለኝ። በሰንበት በባጃጅ የመጣች ሴት ድልድይ ላይ ስትደርስ የምታቆመው ምን ሆና ነው? እኔም አላውቅም። ስለ ባጃጅም ስለ ድልድይም ያስተማረን ሰው የለም። "ሂድ ልጄ፣ ሲመሽ ና" ብዬ ላክሁት።

ሾላው ተቆርጧል፣ ጉቶው ግን አለ። እዚያ ላይ ተቀምጬ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ሳይ ዋልሁ። ልጅ ሆኜ ያለቀስሁበት ዳር ፊት ለፊቴ ነው። አባየ ያን ቀን ከዚህ ሆኖ ያየው ሁሉ ሰው የሞላበት ነበር፤ እኔ የማየው ግን አንዲት ፍየል ብቻ ናት። ያም ሆኖ አልተነሣሁም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጫማዬን አወለቅሁና ድልድዩን ትቼ በውሃው ተሻገርሁ።