አሥራ ሦስተኛውን ወር የማያውቀው ቀን መምረጫ

ከፋለ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ነው። ከደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ሆኖ መቀሌ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ማስተማሩን ትቶ ሶፍትዌር መሥራት ከጀመረ ደግሞ ዘጠኝ። ሮማናት አደባባይ አጠገብ ባለችው ቢሯችን ያለነው ሁለት ነን፣ እሱና እኔ። እሱ ያመዛዝናል፣ እኔ እቸኩላለሁ። እስካሁን እንዴት እንዳልተጣላን አላውቅም።

ትልቁ ደንበኛችን ሓድነት ክፍለ ከተማ ያለ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ነው። የወሊድና የክትባት መዝገቡን በድረ ገጽ የሠራንለት እኛ ነን። መዝገቡን የምትይዘው ሲስተር ለተመድህን፣ ኢንተርኔት በጠፋባቸው ዓመታት ሁሉንም በእጇ እየጻፈች ያቆየች ሴት ናት። ኮምፒዩተሩን የተቀበለችው ከፋለ ስለለመናት ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ካሳፈረኝ ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ ብላ አስጠንቅቃዋለች። ከፋለ ይህን ቃል ከማንኛውም ውል በላይ ይፈራዋል።

ባለፈው ጥር ድረ ገጹ የቆመበትን ፍሬምወርክ የሚባል የኮድ መሠረት ወደ አዲስ ስሪት ማሳደግ ግድ ሆነ፤ የአሮጌው የደኅንነት ጥገና ሊቋረጥ ነበር። ፍሬምወርኩ ሲቀየር ላይብረሪዎቹም፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች ሠርተው ለማንም የለቀቋቸው ሰንጠረዦች፣ ቁልፎችና ቀን መምረጫዎች፣ አብረው መታደስ አለባቸው። የኛን ቀን መምረጫ፣ ቀን ሳይጽፉ ተጭነው የሚመርጡበትን መቁጠሪያ፣ የሠራው ሰው ግን ሥራውን ከተወው አራት ዓመት ሆኖታል። ሌላ መፈለግ ነበረብን።

እኔ በመጀመሪያው ቀን አንዱን ወደድኩ። ያምራል፣ ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበታል። ከፋለ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ብሎ ሳቀብኝና ዘጠኝ ላይብረሪ አሰልፎ ይፈትን ጀመር። ማን ይጠግነዋል? መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ስንት ሌላ ላይብረሪ አስከትሎ ይመጣል? ነገ ብንጠላው መውጫ አለው? ከዚያ የኢንተርኔቱን ገመድ ይነቅልና ገጹ ይከፈት እንደሆነ ያያል፤ ይህን ፈተና እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ያለፈው ያው እኔ የወደድኩት ሆነ። ከፋለ የኢትዮጵያን ቀን እንዲያሳይ አደረገው፣ እኔም ስኩራራበት ከረምኩ።

ጳጉሜን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሲስተር ለተመድህን ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች ቢሯችን ገባች። አልተቆጣችም፤ የከፋውም እሱ ነው።

«ከፋለ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ከንጋት ጀምሮ ሁለት ልጆች ተወልደውልኛል» አለች። «ማሽንህ ግን ወራቸውን አያውቀውም።»

ከፍተን አየን። አሥራ ሁለት ወር ተደርድሯል፣ ጳጉሜን የለም። የፈተንነው በጥር ነበር። ዕድሜ ልካችንን ጳጉሜን ስንቆጥር የኖርን ሰዎች፣ ከኮምፒዩተር ጋር ስንውል ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ሆኖብናል።

እኔ እንደ ልማዴ ቸኮልኩ። ለአምስት ቀን ነው፣ መስከረም አንድ ብላችሁ መዝግቡና በኋላ እናርመዋለን አልኩ። ሲስተር ለተመድህን ወደ እኔ ዞራ፣ እናትየዋ ዛሬ ወልዳ ገና ያልመጣ ቀን ልጻፍላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ከፋለ እስከ እኩለ ቀን ታገለ። ላይብረሪው ከውስጡ አሥራ ሁለት ብሎ የተሠራ ነውና አሥራ ሦስተኛ አልቀበልም አለ። በመጨረሻ ነቅሎ ጣለው። በቦታው ሦስት ባዶ ሳጥን አስቀመጠ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ በጣት የሚጻፍ። ላይብረሪ የሚባል ነገር የለበትም። ስምንት ሰዓት ላይ በታክሲ ሓድነት ሄድን።

ሲስተር ለተመድህን ሁለቱን ሕፃናት ባንድ ደቂቃ መዘገበቻቸው። ከዚያ እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንሥታ ከፋለን አየችው።

«እኔ መጀመሪያም መጻፍ እችል ነበር» አለች። «ለምን አልጠየቅከኝም?»

ከፋለ ስለ ዘጠኝ ላይብረሪ፣ ባሕር ማዶ ስላሉ የማያውቃቸው ሠሪዎች ሳይቀር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጠይቅ የከረመ ሰው ነው። ከቢሯችን እስከ እሷ ወንበር በታክሲ አሥር ደቂቃ ነው። ሁለታችንም አፈርን።