የሞረዱ አውጫጭኝ

የያዙኝ ደብረ ወርቅ ዳዊት ስማር ነው። አባቴ ጫካ ገብቶ ጣሊያንን ይወጋ ነበር፤ እሱን ማግኘት ሲያቅታቸው እኔን ከመምህሬ ደጅ አንስተው ካሚዮን ላይ ጫኑኝ። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባል የለ። መምህሬ ሊከተሉኝ ሲነሱ አንዱ ወታደር በሰደፍ ደረታቸውን ገፋ አደረጋቸው።

ያወረዱኝ ደብረ ማርቆስ ዳር፣ የአንድ መኳንንት የእህል ማከማቻ የነበረ አዳራሽ በር ላይ ነው። መስኮቶቹ በብረት ታጥረዋል። ውስጡ የጤፍ አቧራና የልጅ ሽንት ይሸታል። ጣሊያኖቹ የሙያ ትምህርት ቤት ይሉታል፤ እውነትም አናጢነት ያስተምሩን ነበር። ጠዋት ለባንዲራቸው እጃችንን እናነሳለን፣ ቀኑን ሙሉ ሳንቃ እንልጋለን፣ ሲመሽ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ሁላችንም የአርበኛ ልጆች ነበርን።

አጠገቤ የሚተኛው ቁይ ከሚባል አገር የመጣ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ለሁለት አንድ ብርድ ልብስ ነበር የሚሰጡን። ሲነጋ ብርድ ልብሱን ሁልጊዜ እኔ ላይ አገኘዋለሁ፤ እሱ ጉልበቱን አቅፎ ተኝቷል። ብርድ አይሰማኝም እያለ ይዋሸኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአናጢ ቤቱ የብረት ሞረድ ጠፋ። የት እንዳለ አውቃለሁ። የቁዩ ልጅ ከምንተኛበት ገለባ ሥር ሲደብቀው አይቻለሁ፤ የመስኮቱን ብረት ቆርጠን ሁለታችንም ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ አባቶቻችን እንደምንሄድ በጆሮዬ ነግሮኛል። ከእሱና ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የግቢው አለቃ ጣሊያን ፀሐይ ላይ አንበረከከን። ሞረዱ እስኪገኝ ምግብም ውሃም የለም ተባለ። ከሰዓት በኋላ ትንንሾቹ መውደቅ ጀመሩ። ዘበኛችን የአምበር ሰው፣ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቢጨንቃቸው ወደ አስተርጓሚው ሄደው በአገራችን ለዚህ ወግ አለ፣ ለኔ ተዉልኝ ብለው ለመኑ። ተፈቀደላቸው።

አውጫጭኝ ሊያደርጉን ነው። አገር ቤት ከብት ሲሰረቅ መንደሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይምላል፤ ያየ ሰው ለሽማግሌ በምስጢር ይናገራል። ተናጋሪው ወፍ ነው የሚባለው፣ ማንነቱም አይገለጥም። ሌባው ይክሳል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሽማግሌው እንደዚያ እንደሚያልቅ አምነው ነበር። እኛም አመንን። ጠላት ግቢ ተንበርክከን የአያቶቻችን ወግ የሚከበርልን መሰለን።

ሽማግሌው አንድ በአንድ ያስምሉን ጀመር። እኔ ዘንድ ሲደርሱ፣

"አይቼ ብደብቅ አባቴን አያሳየኝ በል" አሉኝ።

በገሃነም ቢያስምሉኝ እችለው ይሆናል። እኔ ግን እዚያ ቤት ሌትና ቀን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አባቴ በሕይወት እንዲመለስ። በሐሰት ብምል ጥይቱ ያን ዕለት የሚያገኘው መሰለኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ተናገርኩ።

"ጎሽ፣ ልጄ። በቃ፣ ዕቃው ይመለስና ያልቃል" አሉኝ።

ሞረዱ ከገለባው ሥር ወጣ። የቁዩን ልጅ ግንድ ላይ አስተኝተው በአለንጋ ገረፉት። ሽማግሌው ወጉ እንዲህ አይደለም እያሉ የአስተርጓሚው እግር ላይ ወደቁ፤ ዞር ብሎ ያያቸው የለም። ከዚያ አለቃው ወፏ ትነሳ፣ ዛሬውኑ ወደ ቤቷ እልካታለሁ አለ። ማንም አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም። ኋላ ይህን እንደ ክብር ልቆጥረው ሞክሬ ነበር፤ ግን ፍርሃት ነው። ብነሳ የቁዩ ልጅ ያየኛል።

አስተርጓሚው ልጁን ከግንዱ ላይ አነሳውና ማንን እንደሚጠረጥር ጠየቀው። ማን እንደሆነ ያውቃል፤ እንዴት አያውቅ? ከንፈሩን ከመንከሱ የተነሳ አገጩ ደም ሆኗል። ወደኔ ሳያይ፣

"ወፍ አይጠየቅም" አለ።

ነጠላውን ከመሬት አንስቶ አራገፈና በደንብ ለበሰ፤ ማንም እንዲደግፈው ሳይፈቅድ በእግሩ ሄዶ ሊወስደው የቆመው ካሚዮን ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ያን ሌሊት ብርድ ልብሱን አልለበስኩም፤ ለማን እንደሚጠቅም ግን እንጃ።

ጣሊያን ወጣ። አባቴ በሕይወት ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ የቁዩ ልጅ አባት ቤታችን መጡ፤ እዚያ ታስረው የነበሩትን ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቁ ነበር። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጧል።

"ከልጄ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ለብሰህ ትተኛ የነበርክ አንተ ነህ አሉኝ" አሉ።

"አዎን፣ አባባ።"

"ማን እንደጠቆመበት ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አልኩ።

ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "ብቻውን አልነበረማ። ተመስገን። ለሱ የነፈገውን ዕድሜ ላንተ ይጨምርልህ" ብለው መረቁኝ። አጎንብሼ አሜን አልኩ።

ለሽማግሌው በጆሯቸው ስናገር ልጅ ነበርኩ፣ በአባቴ አስምለውኝ ነበር፤ ያንን እግዜር ይቅር ይለኝ ይሆናል። እኒያ አባት ሲጠይቁኝ ግን አለንጋ አልነበረም፣ የሚያስምለኝም አልነበረም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ቁይ ሳልሄድ ቀረሁ። አሁን ከአባቴም ከእሳቸውም ዕድሜ አልፌአለሁ። የልጅ ልጆቼ በእንቁጣጣሽ ዕድሜ ይስጥልን ሲሉኝ አሜን ማለት ያቅተኛል። ምርቃቱ ደርሶ እንደሆነ፣ የምኖረው የቁዩን ልጅ ዕድሜ ነው።