ቦርጭ የመሰለው

ቲጃኒ ሆድ ማውጣት ሲጀምር ጅማ አጠገብ ባለችው ሰቃ ውስጥ ደስ ያላለው ሰው አልነበረም። ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ይህ ልብስ ሰፊ፣ አርባዎቹን እስኪያጋምስ ድረስ በቅጥነቱ ሲቀለድበት የኖረ ነው። ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ሸሚዙ ሆዱ ላይ ሲወጠር ግን ደንበኞቹ ቦርጩን መታ መታ እያደረጉ፣ ማሻአላህ ተመቸህ አሉት። እሱም አልጠላውም። የሱሪዎቹን ወገብ እየተረተረ ሲያሰፋ ለራሱ ፈገግ ይል ነበር። ሚስቱ ሩፈይዳ ብቻ ክንዱና አንገቱ እንደ ድሮው መሆናቸውን አይታ፣ ውፍረት እንዴት ሆድ ላይ ብቻ ይሆናል ብላ ጠየቀችው። ዕድሜ ነው አላት።

ሐኪም ጋ የወሰደው ሌላ ነገር ነበር። ብሽሽቱ ላይ ሲያስል የሚያብጥ፣ ሲተኛ የሚመለስ እብጠት ወጣበት። ቡአ ነው፣ በቀላል ቀዶ ጥገና ይስተካከላል ተብሎ ጅማ ሄደ። ዶክተር በረከት የሚባል ወጣት ሐኪም ከወገቡ በታች አደንዝዞ፣ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ጋርዶ ሥራውን ጀመረ። ቲጃኒ ነቅቷል። ዶክተሩና ረዳቶቹ ከጨርቁ ወዲያ ስለ ውሃ መጥፋት ሲያወሩ ይሰማል። በመሀሉ ወሬው ቀጥ አለ።

ከዚያ ዶክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላ ሐኪም አስጠራ። ያም ገብቶ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ምንድን ነው ያገኛችሁት?" አለ ቲጃኒ።

"አይዞዎት፣ እንጨርስና እነግርዎታለሁ" አለው ዶክተር በረከት።

የነገረውም ያየውን ብቻ ነው። እብጠቱ ሲከፈት የተዘፈዘፈ ተልባ የሚመስል ዝልግልግ ነገር ከሆዱ እየተገፋ ወጣ። ቡአው ተጠግኗል፤ ከዝልግልጉ ግን ናሙና ተወስዷል፤ ሆዱም በሲቲ ስካን መታየት አለበት።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት ታላቅ ወንድሙ አኒስ ከሊሙ ገነት ሆስፒታሉ ድረስ መጣ። ቲጃኒ ዙህር ሊሰግድ ወጣ ሲል ጠብቆ፣ ሩፈይዳን አስከትሎ ዶክተሩ ዘንድ ገባ። ከሰማ በኋላ ለቲጃኒ እንዳይነግረው ለመነው፤ ከበሽታው በፊት ድንጋጤው ይገድለዋል አለ። ዶክተሩ፣ ሆዱ የሱ ነው፣ ሲጠይቀኝ አልዋሸውም አለ። ሩፈይዳ እኔ እነግረዋለሁ ብላ ተነሣች።

ቲጃኒን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠች።

"ካንሰር ነው" አለችው።

"የማን?" አላት።

ፊቷን አየ፤ ከኋላዋ ቆሞ እንባውን የሚጠርገውን አኒስን አየ። ወንድሙ ጃባዱ፣ በርታ ይለዋል፤ እሱ ግን ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ መሰለው። ተነሥቶ ሊሄድ አለና ወዴት እንደሚሄድ ጠፋበት። መልሶ ተቀመጠ።

ዶክተር በረከት አስገብቶ አስረዳው። ነገሩ የጀመረው ከትርፍ አንጀቱ ነው። እዚያ የበቀለች ትንሽ እጢ ፈንድታ ሆዱ ውስጥ ዘር እንደ መዝራት አድርጋለች፤ የተዘራው ሁሉ ዝልግልግ ያመነጫል። እንዲህ ያለው ከስንት አንድ ሰው ላይ ነው የሚታየው።

ቲጃኒ ሆዱን ቁልቁል አየ። "ይሄ ሁሉ እሱ ነው?"

"አብዛኛው።"

ያን ሆድ ሰዎች ሲመርቁለት መክረማቸው ትዝ አለው። እጁን ከላዩ አነሣ፤ የት እንደሚያኖረውም ጠፋው።

የሱ ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ነው፣ ወደ ሳንባ ወደ ሌላም እምብዛም አይሮጥም አለ ዶክተሩ። ተጠርጎ ከወጣ ብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ። ሆድ ከጸዳ በኋላ በሞቀ የካንሰር መድኃኒት የማጠብ ሕክምናም አለ፤ እኛ ዘንድ ግን የለም። እዚህ የሚቻለው የሚወጣውን ማውጣት ነው። ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ እንደገና ይከፈታል።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ትርፍ አንጀቱ፣ ከደንዳኔ አንጀቱ የተወሰነ፣ ሞራው፣ በባልዲ የሚለካ ዝልግልግ ወጣ። ቲጃኒ ሲነቃ የጠየቀው አልቆ እንደሆነ ነው። አላለቀም። ቀጭን አንጀቱ ላይ ስስ ሆኖ የተጣበቀ አለ፤ ልፋቀው ቢባል አንጀቱን ይቀድዳል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰቃ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ቀጭን ነበር። ሰው ሁሉ ምን ነካህ ይለዋል፤ ለሁሉም ቡአ ነው ይላል። የተቀደደ ይጠግናል እንጂ አዲስ ልብስ አይቀበልም። ለረመዳን ጀለቢያ ሊያሰፉ የመጡትን ሌላ ሰፊ ፈልጉ አላቸው። ለረመዳን እደርሳለሁ ብሎ አላሰበማ። የስፌት መኪናውን ለአኒስ ልጅ ሊሰጥ ሲያዘጋጅ ሩፈይዳ አግኝታው ከፊቱ ተቀምጣ አለቀሰች።

ረመዳንም መጣ፣ አለፈ። ዓመት ሲሞላው ለሲቲ ስካን ጅማ ወረዱ። ዶክተር በረከት የቀድሞውንና የአሁኑን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ አየና፣ "የቀረው አለ፤ ግን አላደገም" አለ።

"ምን ማለት ነው?"

"ለጊዜው አንነካዎትም ማለት ነው። ስድስት ወር ቆይተው ይመጣሉ። ሥራዎን ይሥሩ።"

ቲጃኒ ለሞት ተዘጋጅቶ ነበር የገባው፤ ለዚህ አልተዘጋጀም። ሩፈይዳ ደግፋ አወጣችው። ወደ ሰቃ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ በዚህ ዓመት ጣሪያውን እናድስ ይሆን አላት። ሩፈይዳ ክረምቱ ሳይገባ ነዋ አለችው።