ቡጢ የቋጠረ እንግሊዝኛ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ እኔና እናቴ እስራኤል አገር ሀደራ ከተማ ስንገባ እህቴ ጎንደር ቀረች። ወረቀቷ አላለቀም ተብሎ ነው። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ፣ ከውጭ አገር እንግዶች ማትናስ ወደሚባለው የሰፈራችን አዳራሽ ሊመጡ ነው፣ የቀረባችሁን ሰው ጉዳይ በእንግሊዝኛ ሰምተው ለበላይ ያደርሱላችኋል ተባልን። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ትናገሪያለሽ» አለች። አለቀ። የእሷን ቃል ማን ይመልሳል?

ቀን ጋን ሽሙኤል የሚባል የእርሻ መንደር አጠገብ ብርቱካን ስለቅም እውላለሁ፤ ሲመሽ እንግሊዝኛ እማራለሁ። አስተማሪያችን ከለንደን የመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ፤ በዕብራይስጡ ሞራ፣ መምህርት ማለት ነው፣ እንላቸዋለን። አንድ ቀን «ፓክስ ኤ ፓንች» የሚል አነጋገር አስተማሩን። ቡጢ ቋጥሯል እንደማለት ነው፤ ሲደርስብህ ለሚያንገዳግድ ነገር የሚባል። ወይኔ ስወደው! ይኸማ ለእህቴ ጉዳይ የተፈጠረ ነው ብዬ ቁጭ አልኩና ጻፍኩ።

መጀመሪያ ግን ሰላምታ። እኛ ዘንድ ዘው ተብሎ ወደ ጉዳይ ይገባል እንዴ? እንደምን ከረማችሁ፣ ቤተሰቦቻችሁ ደኅና ናቸው ወይ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን ስል ግማሽ ገጽ ሞላ። ከዚያ ቡጢውን አዘነብኩት። የእናቴ ኀዘን ፓክስ ኤ ፓንች፣ የእህቴ ብቸኝነት ፓክስ ኤ ፓንች፣ ናፍቆታችንም እንዲሁ።

ሞራ አንብበው ፈገግ አሉ። እኔ ደግሞ ቱግ አልኩ። «ምኑ ነው የሚያስቀው?» አልኳቸው።

«ይህን የምንለው ትንሽ ለሚመስል ነገር ነው» አሉኝ ረጋ ብለው። «ትንሽ ሆና ለምታስለቅስ ቃሪያ፣ አንድ ገጽ ሆኖ እንቅልፍ ለሚነሳ ታሪክ። ደግሞም አድናቆት አለበት፤ ለእናትሽ ኀዘን አይሆንም። አንቺ ኀዘኑን ንገሪያቸው፤ መመታታቸውን እነሱ ይወቁት።»

አልተዋጠልኝም፤ ግን ሰረዝኩት። ሰላምታውንም ባለጌ መሰልኩ እያልኩ አሳጠርኩ።

የቀጠሮው ቀን እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀመጠች። ተነሥቼ አነበብኩ። ቢሮው፣ ወረቀቱ፣ ዓመታቱ፣ ሁሉም አለበት። እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፋሉ፤ ከእኔ በፊት ላነበቡትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ግን ጆሮዋን ጥላ አንድ ነገር ስትጠብቅ ነበር። ሳበቃ ብድግ አለችና «ልጄ፣ ስሟንስ አልጠራሽውም?» አለችኝ።

ክው አልኩ። እውነቷን ነው፤ በወረቀቱ ሁሉ «እህቴ» እንጂ ስሟ የለም። ቤታችን ውስጥ ስሟ ከተነሣ እናቴ እህል ስለማትቀምስ፣ መጥራቱን ትተን ነበር። ከአፌ የጠፋው ስም ከእጄም ጠፍቶ ኖሯል።

አንዷ እንግዳ እናቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ወደ እናቴ ዞረችና «እርስዎ ይንገሩን» አለች፤ ተረጎምኩላት።

እናቴ የእህቴን ስም ጠራች። ሴትዮዋ ልድገመው ብላ አበላሸችው። እናቴ አረመቻት፣ ቀስ ብላ ደገመችላት፣ አሁንም ደገመችላት። ሀደራ ከገባን ወዲህ ያን ስም ከእናቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ማታ ቤት ገብተን ራቷን በላች።